ዋጋው ከነምኑ ነው?

በዚህ ከተማ ኪሱን ቆጥሮ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው በዝቷል። ነውር የለበትም። ነውሩ ሰው ቆጥሮ እንደሚገባ እያወቁ የማይጨበጥ ዋጋ የሚለጥፉት ዘንድ ነው። ሜኑው ላይ አንድ ቁጥር፣ ቢሉ ላይ ሌላ ቁጥር! ይህንን «አሠራር ነው» ይሉናል። እኔ ማታለል ነው እላለሁ።

በቀደም ረቡዕ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ጉዳይ ነበረኝ። ረሃቡ ሲጠናብኝ የፕላስቲክ ወንበር የደረደረ፣ ሲያዩት የእኔ ቢጤዎች ቤት የሚመስል ምግብ ቤት ገባሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው 300 ብር ነው፤ የመመለሻ ታክሲዬም ከዚያው ላይ ነው። ሜኑው «ሽሮ 220፣ ውሃ 35» ይላል። ደመርኩ፤ 255። አዘዝኩ።

ሽሮው መጣ። ቅጥነቱ ምን ልበላችሁ፣ በብርጭቆ ቢቀርብ ይጠጣል! እንጀራው ጠርዙ ደርቋል። ጭማሪ ስጠይቅ «በዋጋ ነው» ተባልኩ፤ ተውኩት። ይሁን፣ ጤፉም ተወዷል። ያልተዋጠልኝ ቢሉ ነው። ሰርቪስ 10 በመቶ፣ በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ፤ ድምር 322 ብር ከ58 ሳንቲም። ሽሮ በልቼ ባለዕዳ ሆንኩ! የጎደለውን ወዳጄ በቴሌብር ላከልኝ፤ ታክሲው ቀርቶ እስከ መገናኛ በእግሬ ኳተንኩ።

አስተናጋጇን «ሰርቪሱ ለእናንተ ነው እንዴ?» ብያት ነበር። ግራ ቀኙን ቃኘት አድርጋ «ይተዉት ጋሼ» አለችኝ። ገባኝ።

ቫት በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውልም 15 በመቶ ነበር፤ አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥት ግብሩን ይሰብስብ፣ እኛም እንክፈል። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ፣ የሚለጥፈውም ዋጋ ታክሱንና ሌላውን ሕጋዊ ክፍያ ያካተተ እንዲሆን ደንግጓል። «ሜኑው ግርጌ ላይ ‹ቫትን አይጨምርም› ብለን ጽፈናል» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ለጉንዳን በሚሆን ፊደል! ሒሳቡን እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ለምን ድምሩን አትጽፉትም? ብትጽፉት ግማሾቻችን ከበር እንደምንመለስ ስለምታውቁ ነዋ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኪራዩም ዘይቱም ጨምሯል፤ አልካድንም። የጨመረውን ጻፉትና አንብበን እንግባ ወይም እንለፍ።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች እዩ። ዋጋቸውን አንዴ ይናገራሉ። ሸክማቸውን ደጃችን ላይ ካወረዱ በኋላ «ለወገባችን 10 በመቶ፣ ለቁልቁለቱ 15 በመቶ» አይሉም። ሾላ ገበያም ቢሆን ክርክሩ ሁሉ ከግዢው በፊት ነው፤ ሽንኩርቱ ፌስታል ከገባ ወዲያ ሌላ ዋጋ አይወለድም።

ለባለገንዘቡ ይቺ ልዩነት ምኑም አይደለች፤ ቢሉን ሳያይ ይከፍላል። ቆጥሮ የገባው ግን ሰው ፊት ኪሱን እየፈተሸ ይዋረዳል። ምሳውን ብቻ አይደለም፣ ክብሩንም ነው የሚቀሙት። የንግድ ተቆጣጣሪዎች ቫቱ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ሜኑውንም ያንብቡልን።

እስከዚያው እኛ ከመቀመጣችን በፊት «ዋጋው ከነምኑ ነው?» እንበል፤ ጮክ ብለን፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው እስኪሰማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።