ቢጫ ካርዱ የማይጠይቀው ገንዘብ

ጡረታውን ይዞ በባዕድ አገር መኖር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ኪሱ ነው። ታይላንድ ዕድሜው 50 የሞላ አመልካች 800,000 ባት በባንክ እንዲያስቀምጥ፣ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ እንዳለው እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ፓናማ በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ያለውን ትቀበላለች። ጎረቤታችን ኬንያም ሥራ ሳይሠራ በአገሯ ለመኖር ለሚያመለክት፣ ዕድሜው ከ35 ዓመት ላላነሰ የውጭ ዜጋ በዓመት 24,000 ዶላር የተረጋገጠ ገቢ እንዲኖረው አስቀምጣለች።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ለያዘው ሰው ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ የመሥራት መብት ይሰጠዋል። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ከዚህ በተረፈ ግን የሚጠየቀው ትውልዱን እንጂ የባንክ ደብተሩን አይደለም። ገንዘብ የሚጠየቀው ባዕድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖራቸው የፈቀደው አዋጅ ቢያንስ 150,000 ዶላር ማምጣትን ግዴታ ያደረገው ለዚሁ ነው።

ደግ ሕግ ነው፤ እንዲለወጥም አልመኝም። ይሁን እንጂ ሕጉ ገንዘብ አለመጠየቁ ገንዘብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የታይላንድ ቆንስላ አመልካቹን ሳይወድ በግዱ ሒሳብ ያሠራዋል። የእኛ ተመላሽ ግን ሒሳቡን ብቻውን ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ቤቱን ሸጦ፣ ጓዙን ጭኖ ከመጣ በኋላ። በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው የሒሳቡ ክፍል ያለው ከተመላሹ ኪስ ውስጥ ሳይሆን አገራችን ከሌሎች አገሮች ጋር ካልፈረመቻቸው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነቶች ላይ ነው።

ጉዳዩን ለማየት አዲስ አበባ ጥሩ ምሳሌ አይሆንም። እዚያ ለተመላሹ የግል ሆስፒታሉም ባንኩም ቅርብ ነው። ስለዚህ ዓለም ከተማን እንውሰድ። በሰሜን ሸዋ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዓለም ከተማ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ባለው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የሚሄድ ሰው የጀማን ገደል ወርዶ መውጣት አለበት። ከተማዋ ለውጭው ዓለም እንግዳ አይደለችም። የካርል ሃይንዝ በም ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» በወረዳው ለዓመታት ሠርቷል፤ እናት ሆስፒታልም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር ያላት የእህትማማች ከተሞች ግንኙነትም ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አስቆጥሯል።

እንበልና አንድ የመርሐቤቴ ሰው አሜሪካ 25 ዓመት ሠርቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ በ67 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ሶሻል ሴኩሪቲ በወር 1,500 ዶላር ይከፍለዋል፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ገንዘብ 85,500 ብር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር አለፈ፤ ያው 1,500 ዶላር 195,000 ብር ሆነ። በዓለም ከተማ ይህ የትልቅ ሰው ገቢ ነው። ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉም የ2016ቱ ማሻሻያ ፈቅዷል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ያማረ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው ሲታመም ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ የአረጋውያን ጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ አይሠራም። ለሐኪም ወጪ የሚያገለግለው «ክፍል ቢ» እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 185 ዶላር ያስከፍል ነበር። ሰውየው ዓለም ከተማ ሆኖ ይህን ቢከፍል ለማይጠቀምበት ነገር ነው። አቋርጦ ቆይቶ ልመለስ ቢል ደግሞ ላልከፈለበት ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊ ክፍያው ላይ ይታከልበታል። እናት ሆስፒታል የአቅሙን ያክማል። የልብ ወይም የካንሰር ሕክምና ሲያስፈልግ ግን መንገዱ ጀማን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ወጪውም ከኪስ ነው። በወር 195,000 ብር ትልቅ ገንዘብ የሚመስለው እስከዚያች ቀን ድረስ ነው።

ሌላም አለ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በውጭ አገር ለሚኖሩ ተጧሪዎች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ ይልካል፤ ሞልቶ ያልመለሰ ክፍያው ይቆማል። መጠይቁ የሚመጣው በፖስታ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሳው ግጭት መንገዱን ምን እንዳደረገው፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ብቻ ባንክና ፖስታ ቤት የሚደርስ ሰው «በሕይወት አለሁ» ብሎ በቀጠሮው ቀን ማስመስከር ላይችል ይችላል። ይህንን የትኛውም የቪዛ ቅጽ አይጠይቅም።

ከእኚህ ሰው በታች ያሉት ግን ይበዛሉ። ልጆቻቸው ወስደዋቸው በሽምግልና አሜሪካ የገቡ እናቶችና አባቶች የሚተዳደሩት ሠርተው ባገኙት ጡረታ ሳይሆን «ኤስ ኤስ አይ» በሚባለው የድጎማ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሙሉ ክፍያው ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ባለመብቱ ለተከታታይ 30 ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ይቋረጣል። እናት ለፋሲካ መጥተው እስከ ክረምት እቆያለሁ ካሉ የመጡበት ገቢ ከኋላቸው ይጠፋል። ጡረታቸውን አገር ቤት ማሳለፍ ይፈልጋሉ፣ ቢጫ ካርዱም በእጃቸው ነው፤ ገንዘቡ ግን አብሯቸው አይሻገርም። በዓረብ አገር ሰው ቤት ያገለገሉ እህቶቻችንማ ሲጀመርም ጡረታ የሚባል ነገር አልተቆረጠላቸውም።

ወደ ስምምነቶቹ ልመለስ። የአሜሪካን ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ይህም የአሥር ዓመት ሥራ ያህል ነው። እዚህ 20 ዓመት አስተምሮ በ50ዎቹ ዕድሜው የሄደ መምህር አሜሪካ ስምንት ዓመት ቢሠራ መዋጮውን ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀራል። አሜሪካ ስምምነት ካላት አገር የመጣ ቢሆን ኖሮ የአገሩ አገልግሎት ተደምሮለት የስምንቱን ዓመት ድርሻ ያገኝ ነበር። አሜሪካ እንዲህ ያለ ስምምነት ከ30 ያህል አገሮች ጋር አላት፤ ከአፍሪካ አንድም የለም።

የእንግሊዙ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚበላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ስምምነት በሌለበት አገር ለሚኖር ተጧሪ ግን አገር በለቀቀበት መጠን ይቆማል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በሳምንት 97.65 ፓውንድ ሙሉ መሠረታዊ ጡረታ ይዞ የገባ ሰው ዛሬም የሚከፈለው 97.65 ነው። እዚያው ለንደን የቀረው ጓደኛው እ.ኤ.አ. በ2025 176.45 ደርሶለታል። ሞሪሸስ የገባም ቢሆን ጭማሪውን ያገኝ ነበር፤ ሞሪሸስ ስምምነት አላትና።

ይህን ለማስተካከል ፊርማ ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። እንግሊዝ በዚህ ጉዳይ አዲስ ስምምነት የመግባት ፍላጎት እንደሌላት ለካናዳ ሳይቀር ደጋግማ ነግራለች። የአሜሪካ ሕግም አቻው አገር ብዙኃኑን የሚያቅፍ የጡረታ ሥርዓት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የእኛው የግል ድርጅት ሠራተኛውን ያቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፣ አርሶ አደሩም አሁን ድረስ በአብዛኛው ከሥርዓቱ ውጭ ነው። ቢሆንም ዳያስፖራውን ገንዘብ በመላክና ቦንድ በመግዛት የሚያስታውስ መንግሥት የጡረታውን ጉዳይ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ነበረበት።

በሌላ ወገን ዓለም ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው አለ። በወር 8,000 ብር ጡረታ አለው ብንል፣ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት 140 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ 62 ዶላር እንኳ አይሞላም። ኬንያ በወር ሲሰላ የምትጠይቀው 2,000 ዶላር ለእሱ ከ260,000 ብር በላይ ነው። ልጆቹ ካልወሰዱት በስተቀር በየትኛውም አገር የጡረታ ቪዛ ደጃፍ አይቆምም። ተመላሹ ጎረቤቱ ሆኖ ሲመጣ ቤት ኪራዩና ገበያው በዶላር ጡረታ ዋጋ መቆረጥ ቢጀምር፣ ይኼኛውም ጡረተኛ ሳይጠየቅ የገንዘብ ፈተና ውስጥ ይገባል። ስለ ዳያስፖራ ጥቅም ስንወያይ ስለዚህኛው ሰው ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

እስከዚያው ቆንስላዎቻችን ቢጫ ካርድ ሲሰጡ አንድ ገጽ ወረቀት አብረው ቢሰጡ ወጪው የወረቀቱ ያህል ነው። ጡረታህ ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ይቀጥላል፣ ይቆማል ወይስ ባለበት ይረጋል? የጤና መድንህ ከድንበር በኋላ ይሠራል? መጠይቁ በየትኛው አድራሻ ይደርስሃል? እነዚህን በአገር በአገሩ ለይቶ ማስፈር ድርድርም አዋጅም አይፈልግም።