የተዘለለው ቁጥር 10

የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ከየካርዱና ከየባነሩ ላይ የማይጠፋ ጥቅስ አለ፤ ኤርምያስ 29፥11። አምላክ ለሕዝቡ ያሰበው መልካም እንደሆነ የሚናገረውን ይህን ቃል ሥራ ፈላጊውም ቪዛ ጠባቂውም ለእሱ እንደተጻፈ አድርጎ ይይዘዋል። መጽናናቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ ከላይ ያለው ቁጥር 10 መዘለሉ ነው፤ እሱ ቀጠሮውን 70 ዓመት ያደርገዋል።

ነቢዩ ደብዳቤውን ከኢየሩሳሌም የላከው ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን ላጋዛቸው ምርኮኞች ነበር። በ597 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሣቸው ኢኮንያንም አብሯቸው ተወስዷል። ነቢዩ የሰጣቸው ምክር ዛሬ ካርድ ላይ ቢታተም ገዢ አያገኝም፦ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ይባስ ብሎም ለማረካቸው ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ። ባጭሩ፣ ሻንጣችሁን ፍቱ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ የነበረ ሰው መመለሱን የማየት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር።

ፈጣን ተስፋም አልጠፋም ነበር። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የተባለ ሰው ለባቢሎን የመገዛት ምልክት የሆነውን ቀንበር ከኤርምያስ አንገት ላይ አውልቆ ሰበረና በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም እንደሚመለስ በሕዝብ ፊት አወጀ። ኤርምያስ ራሱ ምነው በሆነ ብሎ «አሜን» ብሏል! አልሆነም እንጂ።

ዛሬም በየመድረኩ «በዚህ ዓመት ይሆንልሃል» ሲባል የሚጠቀሰው ኤርምያስ፣ የሚሰበከው ግን ሐናንያ ነው። ሰባኪዎች እባካችሁ ከቁጥር 1 ጀምራችሁ አንብቡልን፤ ምዕራፉ 32 ቁጥር ብቻ ነው።