ማረሻውን ወዶ ቀጥቃጩን መናቅ

በገጠሩ ኅብረተሰባችን ውስጥ ሰውን ከሰው ሲለይ የኖረው ሀብት ብቻ አይደለም፤ የእጅ ሙያም ነው። ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ሸክላ የምትሠራው «ቡዳ» እየተባሉ ከአራሹ ጎረቤታቸው ጋር ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ፣ ከአንድ መሶብ ግን ሳይቆርሱ ኖረዋል። ጋብቻማ ከቶ አይታሰብም፤ አጥንት ይቆጠራልና።

እስቲ አስተውሉ። ገበሬው ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርሰው በማን ማረሻ ነው? ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ያሰረበትን ምራን ያለፋው ማን ነው? ማታ የሚቀርብለት እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ፣ ወጡ የተሠራበት ድስት፣ ቡናው የፈላበት ጀበናስ የማን እጅ ሥራ ነው? ከእነዚህ ሁሉ ያለ አንዳች ፍርሃት ይበላል፤ ይጠጣል። ሠሪዋ ዓይኗን ወደ ሕፃኑ ያነሣች እንደ ሆነ ግን «ልጄን በላችብኝ» ብሎ ይጮኻል። ቡዳነት እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ከዓይኗ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ስትዳስሰው የዋለችው ምጣድ ባስፈራ ነበር።

የንቀቱ ሥር በሙያው ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ ነው ባይ ነኝ። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን ተመልከቱ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ቀስ በቀስ ርስታቸውን ባጡ ጊዜ፣ ወንዶቹ ብረት መቀጥቀጥን፣ ሴቶቹ ሸክላ መሥራትን መተዳደሪያቸው አደረጉ። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይ በእጁ ጥበብ ያድራል። ውሎ አድሮ ግን ማጣት ያመጣው ሙያ የዘር ነውር ሆኖ ተቆጠረባቸው። በከፋ በአደንና እንጨት በመሸጥ በኖሩት ማንጆዎች ላይ የደረሰውም መገለል ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሕግስ ዝም አላለም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ በራሱ ጉልበት ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ይህ ሁለተኛው ሥሩን የነካ በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ከፊተኛው ይበልጣል። ይሁን እንጂ መሬት በዐዋጅ ይከፋፈል እንጂ ማዕድ በዐዋጅ አይቀርብም፤ ዛሬም በአንዳንድ ሥፍራ ባለሙያው ለድግስ ቢጠራ የሚቀመጠው ለብቻው ነው።

«ባህላችን ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እንግዲያውስ በሚመጣው የገበያ ቀን ወደ ሸክላ ተራ ሂዱና ልብ ብላችሁ አድምጡ። ፀጉሯ የሸበተውን ሸክላ ሠሪ ገዢው «አንቺ» ይላታል ወይስ «እርስዎ»? የእርሷን እኩያ የሆነችውን እህል ሻጭስ ምን ብሎ ይጠራታል?