«ትንሽ ነገር ናት» አይበቃም

ሽንቱ ላይ ደም ያየ ሰው በእኛ አገር ወዲያው ወደ ሐኪም አይሮጥም። «ብርድ መትቶኝ ይሆናል» ብሎ ይከርማል፤ ደሙ በማግስቱ ከጠፋ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ደም የሚያመጣው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ያበጠ ፕሮስቴት፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ አካባቢ ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፊኛ ካንሰርም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ምንም ሕመም በሌለው ደም ነው። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አድገናል። ዛሬ መውቀስ የፈለግኩት ግን የሚደብቀውን ሰው አይደለም። ይሉኝታውን ውጦ ሆስፒታል የደረሰውን ታካሚ፣ ምን እንደሚጠብቀው ሳይነግሩ አልጋ ላይ የሚያስተኙትን ነው።

አጎቴን ለሲስቶስኮፒ የወሰድኳቸው ዕለት ነርሷ «አባባ፣ ሱሪዎን ያውልቁና እዚህ ጋደም ይበሉ» አለቻቸው። «ምን ልታደርጉኝ ነው ልጄ?» ቢሏት «ትንሽ ነገር ናት፣ አይፍሩ» ብላ መጋረጃውን ሳበችው። ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። ስለ ሕመሙ ምንም አላሉኝም። «በዚያ በኩል እንደሚገባ ለምን አልነገሩኝም?» ነው ያሉት።

ለማስረዳት እኮ የሚከብድ ነገር የለውም። ሲስቶስኮፒ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧ አስገብቶ የፊኛን ውስጥ ማየት ነው። ተጣጣፊው ዓይነት ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው፤ እርሳስ ይበልጠዋል። ለዚህኛው ሊዶካይን ያለበት ማደንዘዣ ጄል በቧንቧው ይጨመራል እንጂ ሰውየው አይተኛም፤ ብዙ ጊዜም ከምግብ መከልከል አያስፈልገውም። ጠንካራው ዓይነት ሲሆን፣ በተለይ ዕጢ ለማስወገድ ወይም ጠጠር ለመስበር፣ ጀርባ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ ወይም ሙሉ ሰመመን ይሰጣል፤ ያኔ ባዶ ሆድ መምጣት ግድ ነው። የትኛው እንደሚደረግለት ያልተነገረው ሰው ግን በከንቱ ሲራብ ያረፍዳል፤ ወይም በልቶ መጥቶ ቀጠሮው ይሰረዝበታል።

መሣሪያው ሲገባ ይቆረቁራል። የወንድ የሽንት ቧንቧ 20 ሴንቲሜትር ያህል፣ የሴት ደግሞ 4 ገደማ ስለሆነ ወንዱ ላይ ይጠናል። ፕሮስቴቱ ጋ ሲደርስ ያጣብቃል፤ እዚህ ላይ ሰውነትን ከማኮማተር ይልቅ እንደሚሸና ሰው ላላ ማለት ይረዳል። ቀጥሎ ፊኛው እንዲወጠርና ግድግዳው እንዲታይ ከጀርም የጸዳ ውኃ ይሞላበታል፤ ሽንት ያጣድፋል። አረጋውያንን የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው፤ አልጋው ላይ የሚለቃቸው ይመስላቸዋል። ማየት ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ሐኪሙ ያየውን እዚያው መናገር ይችላል። ናሙና ከተወሰደ የላቦራቶሪውን ውጤት ቀናት መጠበቅ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንት ሊያቃጥል፣ ቀላ ሊልም ይችላል። ሐኪም ካልከለከለ በቀር ውኃ በደንብ መጠጣት ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የረጋ ደም፣ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ከመጣ ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ መመለስ ያስፈልጋል። አስቀድሞም የሽንት ኢንፌክሽን ምልክት ያለበት፣ ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የመድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው መናገር አለበት።

እኔን ያሳሰበኝ የዚያን ዕለቱ ላብ አልነበረም። አጎቴ ዕጢ ተገኝቶባቸው ተወገደላቸው። ይህ ዕጢ ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው ከ3 ወር በኋላ እንደገና መታየት ነበረባቸው። «ሞቼ ነው የምሄደው!» አሉ። አልትራሳውንድ ይበቃኛል ብለው ተከራከሩን፤ አልትራሳውንድ ግን ትንንሽና ጠፍጣፋ ነገር ያመልጠዋል። ያልተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሰውን ክትትል ልታቋርጥ እንደምትችል ያኔ ገባኝ።

በልጆች ልመና ሄዱ። የዚያን ቀን ያገኘነው ሌላ ሐኪም ነበር። አንሶላ አልብሶ፣ ጄሉን ከጨመረ በኋላ እስኪያደነዝዝ ድረስ አጠገባቸው ቆሞ አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ስክሪኑንም ወደ እሳቸው አዞረው። «ያ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?» አሉ። «አየር ነው አባባ፣ ከውኃው ጋር ገብቶ ነው።» ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ፊኛቸው እንደ ባለሙያ ሲያስረዱን አመሹ።

ሐኪሞቻችን ወረፋው እንደሚያስጨንቃቸው አውቃለሁ፤ ከንጋት ጀምሮ ኮሪደሩን የሞላውን ሰው አይቻለሁ። ነገር ግን ጄሉ እስኪሠራ መጠበቅ ያው ግድ ነው፤ ለንግግር ሌላ ሰዓት አይጠይቅም። የፈራ ታካሚ ደግሞ ሲኮማተር ሥራውን ያከብደዋል። ስለዚህ ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም። የቀጠሮ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሥር መስመር በታካሚው ቋንቋ ማተምም ትልቅ በጀት አይፈልግም።

እስኪታተም ድረስ ግን ታካሚው ሳይጠይቅ አይፈርም፤ አስታማሚም ዝም አይበል። የትኛው ዓይነት ነው? ልብላ ወይስ አልብላ? መድኃኒቴን ላቁም? ውጤቱን መቼ እሰማለሁ? ሌሊት ቢያተኩሰኝ የት ልሂድ? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሚመረመረው ገላ የጠያቂው ነው።