ዛሬ አለ ወይስ ነበረ?



ረመዳን ካለፈ ሁለት ወር ግድም ሲሆነው የአንድ ተማሪያችን እናት ሦስት የምርመራ ወረቀት ይዘው መጡ። «የጨጓራው ባክቴሪያ አልጠፋም አሉኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መድኃኒቱን ልጀምር ነው» አሉን። ለሁለተኛው ዙር ሲሉ በረመዳን ስላፈጠሩ ቀዷም አለባቸው። እኛ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለንም። ሆኖም ወረቀቶቹን ስናይ ሦስቱም የደም ምርመራ ናቸው።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ቀድሞ የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከቅመም የሚመጣ ይመስል ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ ባክቴሪያውን ከሕሙማን ጨጓራ ወስደው በላቦራቶሪ አራቡት። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ (አደራ፣ ማንም እንዳይሞክረው!)። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ።

የደሙ ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ሌባው ከሄደ በኋላም ዘበኛው እንደቆመ ነው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ዛሬ አለ ወይስ ድሮ ነበረ የሚለውን አይለይም፤ መድኃኒቱ መሥራቱንም አይናገርም።

ዛሬ መኖሩን የሚያሳዩት የትንፋሽና የሰገራ አንቲጅን ምርመራዎች ናቸው። ለትንፋሹ ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር ይጠጣል፤ ባክቴሪያው ካለ ይሰባብረውና ምልክቱ በትንፋሽ ይወጣል። የሰገራው ለአሜባ ከሚደረገው ተራ ምርመራ የተለየ ስለሆነ «አንቲጅን» ብሎ መጠየቅ ያሻል። ሰገራ ይዞ መሄድ የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸው፤ በዚህ ሀፍረት ሰበብ ደማቸውን ሰጥተው የሚመለሱ አሉ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክሙት፣ ከምርመራው በፊት በሐኪም ፈቃድ ለሁለት ሳምንት ይቆማሉ። አንቲባዮቲክ ከተጨረሰ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ያለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ምግብ ለመዋጥ መቸገር ካለ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሐኪሙ ጨጓራውን በኢንዶስኮፒ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል።

እናታችን ሐኪማቸውን አማክረው የሰገራውን ምርመራ አደረጉ። ባክቴሪያው የለም። ሕመሙ ግን ስላልለቀቃቸው ምክንያቱ በሌላ በኩል እየተፈለገ ነው።