ሊትሩ ሳይቈጠር ነዳጁ አይመስገን

አንድን ነገር «ይሻላል» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ «በምን ያህል ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ይሆናል። ስለ ባዮዲዝል፥ ይኸውም ከዘይት ሰጪ ፍሬዎች ተጨምቆ በናፍጣ ፈንታ ወይም ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ ስለሚነደው ፈሳሽ፥ የሚነገረውም ከዚህ አይርቅም። ወዳጆቹ አገርን ከውጭ ነዳጅ የሚያድን መድኃኒት ያደርጉታል፤ ነቃፊዎቹ ሞተር የሚያበላሽ መርዝ ይሉታል። ካሚዮኑ በአንድ ሊትር አሁን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፥ ቀድሞስ ስንት ይሄድ እንደ ነበረ የሚያሳይ መዝገብ ይዞ የሚከራከር ግን ከስንት አንድ ነው። እኛ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚህ መዝገብ ነው እንላለን።

ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ፓሪስ ላይ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን፥ ሩዶልፍ ዲዝል የፈለሰፈው ዓይነት ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። በአገራችንም መንግሥት በ2007 እ.ኤ.አ. የባዮነዳጅ ልማት ስትራቴጂ ሲያወጣ፥ ጃትሮፋ ሊበቅልበት የሚችል ወደ 23 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት አለ ተብሎ ነበር። ከዚያም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በመቶ 5 እየተደባለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሸጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 ከፍ አለ። የናፍጣው ወገን ግን እንደዚህ አልቀናውም። ጃትሮፋው በደረቅ መሬት ላይ የተነገረለትን ያህል ፍሬ አልሰጠም፤ በምሥራቅ ሐረርጌም ለጉሎ እርሻ የተሰጠ መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ብዙ ክርክር አስነሣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሚሊዮን ሄክታሮችን በወረቀት ላይ መቍጠር አንድን ካሚዮን ለአንድ ወር ተከታትሎ ሊትሩን ከመቍጠር ይልቅ ቀላል ሆኖ መገኘቱ ነው። እኛ ወጣቶች ታላቁን ቍጥር እንወዳለን፤ ሥራ የሚሠራው ግን ታናሹ ቍጥር ነው።

ነገሩን በምናውቀው አገር ላይ አድርገን እንየው። በሰሜን ወሎ፥ በሐብሩ ወረዳ፥ ግራና በመስኖ የሚለማ ምድር ነው። ሽንኵርቱና ፍራፍሬው ገበያ የሚደርሰው በናፍጣ በሚሄድ መኪና ነው፤ ከወንዝ ውኃ የሚስበው የገበሬው ፓምፕም የሚጠጣው ያንኑ ናፍጣ ነው። ናፍጣው ደግሞ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የነዳጁን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ፥ በሊትር ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ብር በሽንኵርቱ ኩንታል ላይ መታየቷ አይቀርም። ስለዚህ ለግራና ሰው «አዲሱ ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?» የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። የተጨመቀው ዘይት እንዳለ ወደ ሞተር ቢገባ ወፍራም ስለሆነ ኢንጀክተሩን ይደፍናል። ስለዚህ ከሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ ግሊሰሪኑ ይለያል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ቀጭን ፈሳሽ፥ ታጥቦና ደርቆ፥ ባዮዲዝል ይባላል። የጉሎ ዘይት ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ በኋላም ለሞተር ከተወሰነው ልክ ይልቅ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ባዮዲዝል ሞተርን የማለስለስ ጠባዩ መልካም ነው፤ በውስጡ ኦክሲጅን ስላለም ጢሱ ያንሳል። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል ከናፍጣው በመቶ 8 ያህል ያንሳል። 20 እጅ ባዮዲዝልና 80 እጅ ናፍጣ ሲደባለቁ ደግሞ ጉድለቱ በመቶ ከ1 እስከ 2 ብቻ ይሆናል።

በምሳሌ እናስላው። አንድ የጭነት መኪና በናፍጣ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሳምንት 1000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 200 ሊትር ይፈልጋል። በድብልቁ ሲሄድ ወደ 203 ሊትር፥ በንጹሕ ባዮዲዝል ሲሄድ ወደ 217 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ሦስቱን ሊትር ማንም ልብ አይላትም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ግን ከ150 ሊትር በላይ ትሆናለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እዚህ ላይ ችግሩ ይመጣል። በመቶ 2 የሆነች ልዩነት በመንገድ ላይ በቀላሉ ትሰወራለች። ናፍጣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በመቶ ከ1 ተኩል በላይ ያብጣል፤ እንግዲህ ፀሐይ ላይ ከዋለ በርሜል በቀትር የተቀዳውና በማለዳ የተቀዳው አንድ ሊትር እኩል አይደሉም። የጎማው አየር ማነስ፥ የጭነቱ ክብደት፥ የሾፌሩ እግር፥ የክረምቱ ጭቃ፥ እያንዳንዱ ከነዳጁ ልዩነት የሚበልጥ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሽቅብ የወጣን መኪና ቍልቍል ከተመለሰው ጋር አወዳድሮ ነዳጅን ማመስገን ወይም መኰነን በተራራው ሥራ ነዳጁን መፍረድ ነው።

በአሜሪካ፥ በቦልደር ከተማ፥ አንድ ዓይነት የሆኑ 9 የከተማ አውቶቡሶች ለሁለት ዓመት ተፈትነው ነበር። 5ቱ በ20 እጅ ድብልቅ፥ 4ቱ በናፍጣ ብቻ እየሄዱ እያንዳንዳቸው 100000 ማይል ያህል ተጓዙ። በቤተ ሙከራ ሲመዘኑ የድብልቁ ጉድለት በመቶ 2 ያህል ሆኖ ታየ፤ በመንገድ ላይ በተያዘው መዝገብ ግን በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልተገኘም። እነዚያ ሰዎች 9 አውቶቡስና ሁለት ዓመት ይዘው ያላዩትን፥ እኛ በአንድ መኪናና በሁለት ቅጅ «አየነው» ብንል ማን ያምነናል?

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ አዲስ የተቀመጥን ወጣት ሹማምንት ደግሞ ይህን ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ ልናስብበት ይገባናል። የነዳጅ ኩፖን የምንፈርመው እኛ ነን። ለመኪናው በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተብሎ ልክ ተወስኖለታል፤ ከዚያ ያጐደለ ሾፌር ናፍጣ ሸጠ ተብሎ ይጠረጠራል። ነዳጁ ተለውጦ ልኩ ሳይለወጥ ቢቀር፥ በኬሚስትሪው ምክንያት የጐደለው ሊትር በድኻው ሾፌር ስም ይጻፋል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ባልሠራው ጥፋት ደመወዙ ይቈረጣል። በአንጻሩም፥ የቀድሞው ልክ ያልተመዘገበ እንደ ሆነ፥ እውነተኛው ሌባ «አዲሱ ነዳጅ ይበላል» ብሎ ያመልጣል። መዝገብ ንጹሑን ከሌባው የሚለይ ዳኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዘዴው ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ፥ በአንዱ ማደያ፥ በማለዳ እስከ አፉ ይሞላ፤ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ይጻፍ። ከጉዞ በኋላ እንደ ገና እስከ አፉ ሲሞላ የገባው ሊትር የበላው ነው። ይህ ቢያንስ ለ10 ቅጅ ነዳጁ ከመለወጡ በፊት፥ ለ10 ቅጅም ከተለወጠ በኋላ ይደረግ። ሾፌሩ፥ መንገዱና ጭነቱ አይለወጡ፤ የጎማው አየር በየጊዜው ይለካ። ሌላ ተመሳሳይ መኪና ደግሞ በናፍጣ ብቻ እየሄደ ምስክር ሆኖ ይቁም፤ በክረምቱ ምክንያት ሁለቱም ቢያጐድሉ ነዳጁ አይከሰስምና። ባዮዲዝል በታንከሩ ውስጥ የቈየውን ዝቃጭ ስለሚያጥብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊልትሮ ሊደፍን ይችላል፤ ፊልትሮው ተለውጦ እነዚያ ሳምንታት ለብቻ ይመዝገቡ። በመጨረሻም ሒሳቡ በሊትር ብቻ አይቁም፤ በኪሎ ሜትር ስንት ብር እንደ ወጣ ይሰላ፤ በመቶ 8 ኃይል የሚያንሰው ነዳጅ ዋጋውም ቢያንስ በዚያው ልክ ካላነሰ ገዢውን ያከስረዋልና።

ለዚህ የሚሆን ሰው በዚያው አገር አለ። የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚገኘው በሐብሩ ነው፤ የመርሳ ግብርና ኮሌጅና የወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ከግራና ሩቅ አይደሉም። አንድ የመካኒክነት ተማሪ፥ አንድ የእርሻ ተማሪና አንድ ልምድ ያለው ሾፌር ቢተባበሩ፥ ማደያው አዲሱን ነዳጅ ሳያመጣ በፊት የናፍጣውን ልክ መዝግበው ሊጠብቁት ይችላሉ። ከለውጥ በኋላ የሚመጣ ሰው የቀድሞውን ሊለካው አይችልም፤ የጠፋ «በፊት» በምንም ገንዘብ አይገዛም።

እኛ ባዮዲዝልን አንጠላም፤ ለአገራችን ይጠቅም ዘንድም እንመኛለን። ምኞት ግን ካሚዮን አይነዳም። የተማርነው ቍጥር ማንበብ ብቻ ሳይሆን ቍጥር መያዝም ከሆነ፥ ነገ ጠዋት በምንፈርመው የመጀመሪያ ኩፖን ላይ ከሊትሩ ጎን ኪሎ ሜትሩን እንጻፍ።