የተራራ ልጅና የትምህርት ቤት መንገድ

ስለ ትምህርት መስፋፋት በተነሣ ቊጥር ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ትምህርት ቤት ተሠራ?» እያልን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በሜዳ አገር አምስት ኪሎ ሜትር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በተራራ አገር ግን ያው አምስት ኪሎ ሜትር ገደል ተወርዶ፥ ወንዝ ተሻግሮ፥ ዳገት ተወጥቶ የሚደረስበት ነው። በካርታ ላይ ቅርብ የሆነው ትምህርት ቤት ለልጅ እግር ሩቅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሲቈጠር የልጁም መንገድ አብሮ ሊቈጠር ይገባዋል እላለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ በሞሮኮ አገር በአትላስ ተራሮች የሚሠራ «ትምህርት ለሁሉም» የተባለ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ራሱ 4,167 ሜትር በሚደርሰው በቱብቃል ተራራ ዙሪያ ያሉት መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያገኛሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው የሚገኘው ግን በሸለቆው ከተሞች ነው። ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባትዋ «ማታ የት ታድራለች? ማንስ ይጠብቃታል?» ብሎ ያስባል። መልስ ሲያጣ ከቤት ያስቀራታል። ይህን ሰው ትምህርት ጠል ነው ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም፤ ጥያቄው የማንኛውም አባት ጥያቄ ነውና።

ማኅበሩ ሌላ ትምህርት ቤት ልሥራ አላለም፤ የመንግሥቱ አለ። እርሱ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ለልጃገረዶች ማደሪያ ሠራ። የመጀመሪያውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ከማራካሽ በስተደቡብ በምትገኘው በአስኒ ከፈተ። በዚያ አልጋ፥ ትኩስ ምግብ፥ ማታ የሚጠናበት ክፍልና ከዚያው አገር የተገኘች የቤት እናት አለች። ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት የአማዚግ ቋንቋ ሲሆን የሚማሩት በዐረብኛና በፈረንሳይኛ በመሆኑ፥ የማታው ጥናት ቀላል ጥቅም አይደለም። የአባትየውም ጥያቄ መልስ አገኘ።

በ2023 ሴፕቴምበር 8 ቀን፥ ዐርብ ሌሊት፥ በመለኪያ 6.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ያንን አገር መታው። ከ2,900 በላይ ሰው ሞተ። አዳሪ ቤቶቹም ከጉዳት አላመለጡም። ማኅበሩ ግን ልጃገረዶቹን በማራካሽ ከተማ አስጠልሎ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አደረገ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ጥቂት ልጆች ቢረዱ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ትንሽ ማኅበር የአንድን አገር ልጆች ሁሉ ማሳደር አይችልም፤ መንግሥትም እርሱን ተማምኖ እጁን መሰብሰብ የለበትም። ነገር ግን ትንሹ ማኅበር ትልቁ መሥሪያ ቤት ያላየውን ቀዳዳ በተግባር ያሳያል። ካሳየ በኋላ አላየሁም ማለት አይቻልም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በስሜንም ሆነ በላስታ ከገጠር መጥቶ በወረዳ ከተማ አንዲት ክፍል ከሌሎች ጋራ ተከራይቶ፥ በሳምንቱ መጨረሻ አገር ቤት ወጥቶ ስንቁን ተሸክሞ እየተመለሰ የተማረ ሰው፥ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል አይጠፋም። ስንቁ ያለቀ ለት ትምህርቱም እንደሚያልቅ እርሱ ያውቃል። ለእኅቱ ደግሞ ያች የኪራይ ክፍል እንኳ እንደምታሰጋ ያውቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ደመወዝ የያዙ ዐሥር የአንድ ወረዳ ልጆች ከየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፥ ለአገራቸው ልጃገረዶች አንድ ደኅና ቤት መከራየትና የታመነች ሞግዚት መቅጠር አያቅታቸውም። አንተም ወጣቱ ሹም፥ በመዝገብህ «ትምህርት ቤት፥ ይህን ያህል» ብለህ ስትጽፍ፥ ከጎኑ ሁለት ዓምድ ጨምርበት፤ ከመንደሩ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ልጅቱስ ማታ የት ታድራለች?